ቮልሳችሁ ቀለም ከመግባቱ በፊት ፍሬኑን የምንፈታው ለምንድነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ "መኪናዬ መቼ ነው ቀለም የሚገባው?" ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ዘግይተናል። የዘገየነው ፍሬኑ ያልታደሰ ቮልስ ከእንግዲህ ቀለም ቤት እንዳይገባ ስለወሰንን ነው። በስልክ ቆራርጠን ከምንነግራችሁ ቁጭ ብለን እንጻፈው አልን።

ባለፈው አንድ ደንበኛችን ከእንጦጦ ሲወርዱ መኪናው ፍሬን በጠሰ። ሞተሩንም ቀለሙንም የሠራነው እኛ ነን። ፍሬኑን ግን "ደህና ይይዛል" ስላሉን ሳንነካው አስረከብናቸው። ደግነቱ በ2ኛ ማርሽ ነበር የሚወርዱት፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ስበው ዳር ያዙ። ሰው አልተጎዳም። እኛ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም። መኪናውን አስጎትተን ስናየው የፈነዳችው አንዲት የፊት ጎማ የፍሬን ቱቦ ናት።

አንዲት ቱቦ እንዴት አራቱንም ጎማ ፍሬን ታሳጣለች? እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ቮልሶች ዋናው የፍሬን ፓምፕ ነጠላ ነው። አንድ ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን ለአራቱም ጎማ ይገፋል። የትም ጋ ቢፈስ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አለቀ። ድርቡ ፓምፕ የፊቱንና የኋላውን መስመር ለይቶ ስለሚገፋ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይቀራል፤ ፍሬኑ ይደክማል እንጂ መኪናው ይቆማል። አሁን በሁሉም ላይ የምንገጥመው ይሄንን ነው።

ያልፈነዳችዋን የሌላኛውን ጎን ቱቦ ደግሞ በቢላ ለሁለት ሰነጠቅናት። ከውጭ ምንም የላትም። ውስጧ ግን ጎማው አብጦ ቀዳዳው መርፌ እንኳ በግድ ነው የሚያሳልፈው። እንዲህ ያለ ቱቦ ፔዳሉን ስትረግጡ ዘይቱን ያሳልፋል፣ እግራችሁን ስታነሱ ግን ቶሎ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ሸራው (ተጭኖ የሚያቆመው) ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ) እንደያዘ ይቀራል፣ ጎማው ይግላል፣ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። "አንዱ ጎማ ይይዝብኛል" ስትሉን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቱቦውን ነው። የተሰነጠቀችው ጠረጴዛችን ላይ አለች፣ ስትመጡ እዩዋት።

በታምቡሩ ፋንታ ዲስክ ይገጠምልን የምትሉም አላችሁ። እንገጥማለን። ዲስክ ሙቀት ቶሎ ይለቃል፣ ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለከተማ ብቻ ከሆነ ግን በደንብ የተስተካከለ ታምቡር ይበቃል ባዮች ነን፤ ቮልስ እኮ 800 ኪሎ አካባቢ የምትመዝን ቀላል መኪና ናት። ዲስኩን በዘመድ ሻንጣ ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ግን እባካችሁ ደውሉልን። የድሮዎቹ ቸርኬ ባለ 5 ቡሎን ነው፣ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ ያሉት ባለ 4 ናቸው። የፊት እግሩም እንደ ዘመኑ ይለያያል፤ ያንዱ ላንዱ አይገጥምም። ፓምፑም ከዲስኩ ጋር መስማማት አለበት። የታምቡር ፓምፕ መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ አለው፣ እሱ ዲስክ ላይ ከቀረ ሸራው ዲስኩን እየታከከ ይሄዳል።

ታዲያ ከቀለም በፊት ለምን? የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። የቮልስ የዘይት ዕቃ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ ፓምፕ ስንፈታና አየር ስናስወጣ ጠብ ማለቱ አይቀርም። አዲስ ቀለም ላይ ጠብ ካለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ዘይቱን በ2 ዓመት አንዴ አስቀይሩ፤ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የሳበ ዘይት ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል። ጎደለ ብላችሁ የሞተር ዘይት እንዳትጨምሩበት አደራ፣ ጎሚኒውን (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን ላስቲክ) ያሳብጠዋል።

ሥራው በየመኪናው ላይ 2 ሳምንት ያህል ይጨምራል። የመለዋወጫውን ዋጋ ፍሬኑን ፈተን ካየን በኋላ ደውለን እንነግራችኋለን፣ ሳትስማሙ አንገዛም። ከዚህ በፊት ከእኛ ጋ አሠርታችሁ በነጠላ ፓምፕ የምትነዱ ደግሞ መልሳችሁ አምጡልን። ዕቃውን ትገዛላችሁ፣ የእጅ ዋጋ አንቀበልም። ስትመጡ ቁልቁለት ካለ በ2ኛ ማርሽ ውረዱ።

አክባሪዎቻችሁ፣
የጋራዡ ባልደረቦች