አልኮራሁም፣ አፍሬ ነው

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እንደምን ሰነበትሽ? ብዬ ለመጀመር እንኳ አፈርኩ። አራት ዓመት አለፈን። እናትሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰው ነው፤ ደውዬ «እግዜር ያጥናሽ» ሳልልሽ ቀረሁ። «አሜሪካ ገብታ ኮራች» መባሌንም ሰምቻለሁ። አልኮራሁም። አፍሬ ነው።

በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ላይ ነው። ሌሊት ሠርቼ ስወጣ አንድ ትልቅ መደብር ገባሁ። እዚህ ዕቃሽን ራስሽ በማሽን እያሳለፍሽ የምትከፍይበት ቦታ አለ። ከጋሪው ሥር የነበረ ሻምፑ ሳላሳልፈው ቀረ፤ እንቅልፍ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ያዘኝ። ፖሊስ መጣ። ሰው ሁሉ እያየ ካቴና ገባልኝ። ክሱ ከ100 ዶላር በታች ስርቆት ነው፤ በሜሪላንድ ሕግ እስከ 90 ቀን ያሳስራል። ሱቅ በስህተት ተርፎ የተሰጠኝን መልስ ይዤ ስገባ እማዬ በዚያ ፀሐይ መልሳ እንዳባረረችኝ ታስታውሻለሽ አይደል? እኔ ሌባ ተባልኩ።

ፍርድ ቤት መንግሥት የመደበልኝ ጠበቃ ተከራከረልኝ፤ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ ብዬ ወጣሁ። የት አልቆ!

ከወር በኋላ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ሰጠኝ። ዩኒፎርም ሁሉ ተለክቼ ነበር። እናንተ ጋ ከወንጀል ነፃ የሚለውን ወረቀት ራስሽ አሻራ ሰጥተሽ ከፖሊስ ታመጫለሽ። እዚህ ቀጣሪው ያስፈርምሽና ለአጣሪ ድርጅት ከፍሎ ያስቆፍርሻል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ደግሞ «ኬዝ ሰርች» የሚባል ድረ ገጽ አላቸው፤ ስም ጽፎ ማንም ያያል። (ሐበሻ ሙሽራ ሳይቀር ያጣራበታል ይባላል።) የእኔም ስም እዚያ ነበር፦ ስርቆት። አጠገቡ ክሱ መተዉን የሚናገር የላቲን ቃል አለ። ላቲን ማን ያነባል? ሥራው ቀረ። ከመከልከላቸው በፊት የሪፖርቱን ቅጂ የላኩልኝ የፌዴራል ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ስሜን ከዚያ ቃል ጎን ሳየው ስልኬን ዘጋሁ። ያንቺንም ጭምር።

በኋላ ጠበቃው መዝገቡን ማዘጋት እንደምችል ነገረኝ። እነሱ «ኤክስፐንጅመንት» ይሉታል፤ ስሙ ሲሰሙት መደምሰስ ይመስላል። ግን ፋይሉ የግድ አይቃጠልም፤ ተለይቶ ይቆለፍበትና ያለ በቂ ምክንያት ማንም አያየውም። ክስሽ ከተተወ ማመልከቻው በነፃ ነው። ግን ሦስት ዓመት መጠበቅ አለብሽ። መጠበቅ ካልቻልሽ፣ በዚህ ክስ ማንንም ካሣ አልጠይቅም ብለሽ ትፈርሚያለሽ። አየሽ ነገሩን? እኔን አዋርደው፣ አልከሳችሁም ብዬ የምፈርመው እኔ! እያለቀስኩ ፈረምኩ፤ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ከኦክቶበር 2021 ወዲህ የተተዉ እንዲህ ያሉ ክሶች መዝገባቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ሳያመለክቱ በራሱ ይዘጋል። የእኔ በጥቂት ወራት ቀደመ። ዕድሌ!

ዐቃቤ ሕግ ለመቃወም 30 ቀን አለው፤ አልተቃወመም። ዳኛው ካዘዙ በኋላ ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም ለመዝጋት 60 ቀን አላቸው። ከዚያ ስሜ ከኬዝ ሰርች ጠፋ። በሜሪላንድ ቀጣሪ እንዲህ ስለተዘጋ ክስ እንድትናገሪ ሊያስገድድሽ አይችልም፤ «ተከሰሽ ታውቂያለሽ?» ቢልሽ «አላውቅም» ማለት ትችያለሽ። መጀመሪያ ስለው ምላሴ ተሳሰረ። ሕጉ ቢፈቅድም የእማዬ ልጅ ነኝ።

እንዲያም ሆኖ ሌላ ቦታ ሳመለክት ያው ክስ ብቅ አለ። አጣሪው ድርጅት ከመዘጋቱ በፊት የገለበጠውን ይዞ ነበር። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አያይዤ አቤት አልኩ። በዚያው በፌዴራል ሕጉ 30 ቀን ውስጥ መርምረው ማረም አለባቸው፤ አረሙት። አሁን ያለሁበትን ሥራ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን የዜግነት ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ኢሚግሬሽን መቆለፍ ምናምን አያውቅም። መዝገብሽ ቢዘጋም ቢሰረዝም ተይዘሽ እንደሆነ ንገሪን ይላል። እዚያ «የለም» ማለት ከሻምፑ የባሰ ጣጣ ነው። ደግነቱ ጠበቃው ማዘጊያውን ከማስገባቴ በፊት ማኅተም ያለበት ቅጂ እንዳወጣ አድርጎኝ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ቅጂ ፍለጋ መከራ ነው፤ ይኼን እህትሽ ቨርጂኒያ ላለው ባሏ ትንገረው፤ የዚያ ሕግ ሌላ ቢሆንም ለቅጂው ይጠቅመዋል። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ቅጂውን አያይዣለሁ።

እሑድ ማታ በእናንተ ሦስት ሰዓት እደውላለሁ። መጀመሪያ ስለ እናትሽ ንገሪኝ፣ እንዴት እንዳረፉ፣ ማን ማን መጣ። ካላነሳሽም ይገባኛል። ሰኞ እደግማለሁ።

ያንቺው