ሁለት ጊዜ የሚጽፍ ሠራተኛ ለውጥ ጠል አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለ አካባቢ አስተዳደሮች ዲጂታል ሽግግር ያወጣችሁት ዘገባ ኃላፊዎችን፣ አማካሪዎችንና የሶፍትዌር አቅራቢዎችን አናግሯል። መስኮት ላይ ባለጉዳይ የሚያስተናግደውንና መዝገብ ቤት ፋይል የሚያገላብጠውን ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። የኮምፒውተር ሲስተም ተተክሎ ሳለ ሠራተኛው ዛሬም በእጅ በሚሞላው ባሕር መዝገብ ላይ መጻፉን «የለውጥ ጥላቻ» ብሎ አረፈው። እኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ይህን ስድብ አንቀበልም።

ባሕር መዝገቡ የማይዘጋው ደንቡ ስላልተለወጠ ነው። ኦዲተሩ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እስከጠየቀ ድረስ፣ ወረቀቱ ሲጎድል የሚቀጣው ሠራተኛው እንጂ ሲስተሙን የሸጠው ድርጅት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሰልፍ ሲበዛ ወረቀቱ ተሞልቶ ባለጉዳዩ ይሸኛል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባው ሲመሽ ነው። ያኔ ቁጥር ይዛባል፤ የአገልግሎቱ ቀን ቀርቶ የምዝገባው ቀን ይሰፍራል። ቆይቶ «መረጃው አይታመንም» ሲባል ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

በአርአያነት የጠቀሳችኋት ኢስቶኒያ የዲጂታል ፊርማ ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ የመሥሪያ ቤቶችን የመረጃ ቋት የሚያገናኘው ኤክስ-ሮድ ሥራ የጀመረው በ2001 ነው። ሕጉ ቀድሟል። ዘገባው ይህን እንዴት ዘለለው?

ነባር ፋይሎችንም «ስካን ይደረጋሉ» ብላችሁ አልፋችኋል። ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶ ነው፤ ስም፣ ቀንና የፋይል ቁጥር ካልተጻፈለት ተፈልጎ አይገኝም። በቅድሚያ ፋይሉ ይቆጠራል፤ ድግግሞሹ ይጠራል፤ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ስካን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጥሎም ናሙና እየወሰዱ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሐይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲያነብ ካልተሠራ ለአንድ ነዋሪ ሦስት ፋይል ይከፈታል። ይህን አሳምሮ የሚያውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲስተሙ ሲነደፍ አይጠራም፤ የሚጠራው ሁሉም ካለቀ በኋላ ለሥልጠና ነው።

የሚጠቅመው ይታወቃል፦ አንድ አገልግሎት መርጦ ከማመልከቻ እስከ ማስረጃ መስጠት ድረስ መጨረስ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም የሚመዘግብ ሲስተም መግዛት፣ አቅራቢው ውሉ ሲያልቅ መረጃውን ሙሉ በሙሉ እንዲያስረክብ በውሉ ማስፈር። ከሁሉ በላይ ግን ባሕር መዝገቡ የሚዘጋበትን ቀን በፊርማ መወሰን።

«የለውጥ ጥላቻ» የሚለው እንዲታረም እንጠይቃለን። ኃላፊዎቹንም ተመልሳችሁ ጠይቁልን፦ ባሕር መዝገቡ ይዘጋ የሚለው ደብዳቤ መቼ ይፈረማል?

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ