ወሎን መድረክ ላይ ስታወጧት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ አበባ? እኛ ደኅና ነን። ደሴ እንደምታውቂያት ብርዷን ይዛለች። አያትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደኅና ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የትምህርት ክፍላችሁን የዘንድሮ የቴአትር ፕሮግራም አየሁት። ለአባትሽም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው «ሐምሌት»፣ ከዚያ እናንተው ተማሪዎቹ የጻፋችሁት የወሎ ተውኔት። ጥሩ አድርጋችሁ መርጣችኋል።

«ያላቻ ጋብቻ» ላይ ሥራሽ አልባሳት ነው ብለሻል። የተማረው ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ አክስቱ ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ። የዚያች ሴትዮ ክብር ያለው ልብሷ ላይ ነው። የጃንሆይ ዘመን እመቤት በዘንድሮ ዲዛይን ቀሚስ ከወጣች፣ ገና አፏን ሳትከፍት ተመልካቹ አያምናትም። የድሮ ፎቶ ያላቸውን ቤተሰቦች ጠይቂ። ጥለቱንም የነጠላውን አጣጣልም ከፎቶው እዪ።

«ሐምሌት» ላይ የያዝሽው ቦታ ትንሽ ነው። ቢሆንም የአማርኛ አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ልበልሽ። ግጥም ስትናገሪ ትንፋሽሽን አስቀድመሽ መጥኚ። ወል ቤት የምንለው የግጥም ምጣኔ በእያንዳንዱ የስንኝ ግማሽ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የሚቆጠር ድምፅ፣ ነው፤ ጆሮሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ለምዶታል። በፀጋዬ ስም የሚጠራው የፀጋዬ ቤት ግን ስምንት ስምንት ነው። እንዲህ ባለ ረጅም ስንኝ በአጭር ትንፋሽ ከገባሽ መሐል ላይ ያልቅብሻል።

እዚያው «ሐምሌት» ውስጥ ልዑሉ ተዋንያኑን የሚመክርበት ቦታ አለ። እጃችሁን አታወራጩ፣ አትጩኹ፣ የሚያስቁትም ከተጻፈላቸው በላይ አይናገሩ ይላቸዋል። ያንን ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ የልምምድ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ለሦስተኛው ተውኔት በጣም ያስፈልጋችኋል፤ እኔም ብዕር ያነሳሁት ለእሱ ስል ነው።

ስለ ወሎ ነው ስትይኝ ደስ አለኝ፤ ሰጋሁም። ወሎ መድረክ ላይ ስትወጣ ብዙ ጊዜ ወይ ቆንጆ ሴት ናት ወይ ድርቅ። ሳቅ ሲያስፈልግ ደግሞ አንድ ሰው ይወጣና በየዐረፍተ ነገሩ «ወላሂ»፣ «አብሽሪ» ይላል። አዳራሹ ይስቃል፤ በቃ፣ ወሎዬ ሆነ ይባላል። ይኼ ነገር ያንገበግበኛል ልጄ። እኛ እንደዚያ አናወራም። የላስታ ሰውና የቃሉ ሰው አነጋገሩ አንድ አይደለም። ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወርጂ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው አንድ ሜዳ ላይ ሲገበያይ ታገኚዋለሽ። ገጸ ባሕርያችሁ ከየት ወረዳ እንደመጡ መጀመሪያ ቁረጡ። አነጋገሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የ66ቱም የ77ቱም ረሃብ እውነት ነው። ይነገር። አያትሽ ዛሬም ሰባ ሰባትን ስታነሳ ድምጿ ይቀየራል። ግን የተራበው ሰው ስም ነበረው። ይቀልድ ነበር፣ ከጎረቤቱ ይጣላ ነበር፣ ልጁን ለመዳር ያስብ ነበር። ያንን ሳታሳዩን ከጀርባ በትዝታ ቅኝት መሰንቆ እያስጮኻችሁ አታስለቅሱን። ባቲም አምባሰልም የዚሁ አገር ቅኝቶች ናቸው፤ የሚዘፈንባቸውም ኀዘን ብቻ አይደለም።

አሁን ወዳንቺ ቦታ ልምጣ። ወዳጃውን የምትመራዋን ባልቴት ትሠሪያለሽ። አዘጋጃችሁ ትዕይንቱን ለማሳቂያ አስቦታል ብለሽኛል። በአክብሮት ንገሪው እንጂ እሺ አትበይ። ወዳጃ ዱዓ ነው። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ አንዱ ሲመርቅ የተቀመጠው ሁሉ «አሚን» ይላል። ለታመመ ይለመናል፣ ለመንገደኛ ይለመናል፣ ለዝናብ ይለመናል። እኛ ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት አብሮ ሲቀመጥ ነው ያደግሽው።

አሚኑ ላይ ተጠንቀቁ። ጩኸት የለውም። ዝቅ ብሎ ከሆድ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ትንሽ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። እንደ ሰልፈኛ እኩል ካላችሁት ውሸት ይሆናል።

አያትሽን አስቢያት። ስትመርቅ መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች እንጂ ወደ ሰማይ አታነሳም። ዓይኗን አትጨፍንም፤ የምትመርቀውን ሰው ነው የምታየው። መሐል ላይ ከሰሉ ከደከመ «አራግቢው እንጂ» ትልና ምርቃቷን ካቆመችበት ትቀጥላለች። እዚያ ላይ ሰው ፈገግ ይላል። አዘጋጁ ሳቅ ከፈለገ ይኼ ይበቃዋል፤ ማንም ሳይዋረድ የሚመጣ ሳቅ ነው።

ጀበናው ባዶ እንዳይሆን። እውነተኛ ቡና አፍሉ፤ ሽታው ተመልካቹ ጋ ይድረስ። አቦል፣ ቶና፣ በረካን ደግሞ አከታትላችሁ በአንድ ትንፋሽ አትጨርሷቸው። ደራሲዋ ጓደኛሽ ታስብበት፦ በአቦል ጨዋታው ይጀመር፣ በቶና የተደበቀው ነገር ይውጣ፣ በረካው ላይ ሰዎቹ ይታረቁ ወይም ይለያዩ። ጊዜ አጠረን ካላችሁ ከሌላ ቦታ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ።

እሑድ ከሰዓት ደውዪ። ስልኩን ለአያትሽ እሰጣታለሁ። አዘጋጁም ደራሲዋም አብረውሽ ይሁኑ፤ ስፒከር ላይ አድርጊው። ትመርቃችኋለች፤ እናንተም የቸገራችሁን ሁሉ ጠይቋት። ቀኑ ሲቆረጥ ደግሞ ቶሎ ንገሪኝ፤ አባትሽ የአውቶቡስ ትኬት ቀድሞ መያዝ ይፈልጋል።

እናትሽ
ከደሴ