የሥነ ሕይወት ክበብ ዘገባ፦ ከዘር የበቀሉት አፕሎች ለምን አያብቡም?

የክበቡ የዘንድሮ ሥራ ከግቢው ጀርባ ባሉት አፕሎች ላይ ነበር። ከዘር የበቀሉት ከቁመተ ሰው አልፈው አንድም አበባ አላሳዩም፤ አጠገባቸው ያለው በግራፍቲንግ (የአንዱን ዛፍ ቅንጥብ በሌላ ችግኝ ላይ በመግጠም) የተዳቀለ «አና» የተባለ የአፕል ዓይነት ግን ገና በ2ኛ ዓመቱ አብቧል። «ማዳበሪያ አንሷቸው ነው» የሚል ግምት ነበር። የማዳበሪያው ናይትሮጅን ሲበዛ ግን ቅጠሉ ይፋፋል እንጂ አበባ አይመጣም።

ከዘር የበቀለ አፕል ልጅነቱን ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅበታል። እስከዚያ ቲኤፍኤል1 የሚባለው ጂን የቅርንጫፉን ጫፍ ከማበብ ይገታዋል። በአንጻሩ ቅጠል ውስጥ የሚመረተው የኤፍቲ ፕሮቲን በፍሎየም (ምግብ በሚያመላልሱት የተክሉ ቧንቧዎች) ወደ ጫፉ ተጉዞ አበባን ያስጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ላይ ቲኤፍኤል1 የታፈነበት አንድ አፕል ግሪን ሃውስ በገባ በ8 ወሩ አበበ፤ ያልተነካው ግን 6 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ትምህርት ቤት ውስጥ ጂን አይነካም፤ ምላጭ ግን አለ። ማበብ ከጀመረ ዛፍ የተቆረጠ ቅንጥብ በለጋ ችግኝ ላይ ቢዳቀልም ወደ ልጅነቱ አይመለስም።

በጥር የተዳቀሉት ቅንጥቦች የእርሳስ ውፍረት ያላቸውና 3 እምቡጥ የያዙ ነበሩ። ቅንጥቡም ችግኙም በሰያፍ 3 ሳ.ሜ. ያህል ተቆርጦ፣ ካምቢየም (ከልጡ ሥር ያለው አዲስ ሕዋስ የሚያበቅል ስስ ሽፋን) ከካምቢየም ገጥሞ፣ በፕላስቲክ ጠብቆ ይታሰራል፤ የቅንጥቡ ጫፍ በሰም ይደፈናል። ከደረቁት አብዛኞቹ ከግንዱ የቀጠኑ ሆነው መሃል ላይ የተቀመጡት ናቸው፤ ቀጭን ቅንጥብ ወደ አንድ ጠርዝ ተጠግቶ ካልተገጠመ ካምቢየሞቹ አይገናኙም። ምላጩን መላልሶ ማስኬድም ገጹን ያጎረብጠዋል፤ የ9ኛ ክፍሎች ጥፋት ይኸው ነበር።

ሌላው ጉዳይ ብርድ ነው። የተኛ እምቡጥ እንዲነቃ ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓታት መጠራቀም አለባቸው፤ ለ«አና» ከ300 ያነሱት ይበቃሉ። በኮክ ላይ ይህን እንቅልፍ የሚይዙት ዳም የሚባሉ 6 ጂኖች ናቸው፤ ከፊሎቹ የጎደሉበት የኮክ ዓይነት ብርድ ቢመጣም ማደጉን አያቆምም። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አያንሰውም፤ የቀኑ ፀሐይ ግን የተጠራቀመውን በከፊል ያጠፋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብቻ ማንበብ ያሳስታል፤ መዝገባችንም በዚህ ጎድሏል። በዚያ ላይ የፈካ አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ በውርጭ ይሞታል።

የ«አና» ፍሬ መሳሳት ነበረበት፤ ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. ርቀት አንድ ፍሬ ብቻ ይቀራል። የተማሪዎቹ እጅ ግን ለጋ ፍሬ ለመቁረጥ አልታዘዘም። የቀጣዩ ዓመት አበባ የሚወጠነው ፍሬው ዛፉ ላይ ሳለ ስለሆነ፣ ከዘሮቹ የሚወጣው ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ያንን ውጥን ያከሽፋል። ለከርሞ ከዚህ ዛፍ ብዙ አበባ አይጠበቅም።