«ላይሰንስ ቱ ኪል» ያለ ቦታው ተቀምጧል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ የጄምስ ቦንድን ፊልሞች በደረጃ ስታወጡ እ.ኤ.አ. የ1989ኙን «ላይሰንስ ቱ ኪል» ግርጌ ላይ አድርጋችሁ፣ «ጨካኝ ነው» ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳጅ ቦቴ የነዳሁ ሰው ነኝ። ፊልሙን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጭካኔው እውነት ነው። ግን ከምን መጣ? የቦንድ ወዳጅ ፊሊክስ ላይተር ባገባበት ዕለት ማታ ለሻርክ ይሰጣል፤ እግሩን ያጣል። ሙሽራዋ ዴላ ትገደላለች። ሚዜው ደግሞ ቦንድ ነው፤ በ1969ኙ ፊልም የገዛ ሚስቱ በሠርጋቸው ቀን የተገደለችበት ቦንድ! ቦንድን የሚጫወተው ቲሞቲ ዳልተን ያን የቆየ ሐዘን ፊቱ ላይ ይዞት ነው የሚዞረው። አለቃው ኤም ሥራህን ያዝ ሲለው እምቢ ይላል፣ የመግደል ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ብቻውን ይሄዳል።

ከሁሉ የምወደው በቀሉን የሚወጣበትን መንገድ ነው። ይህን ሁሉ ያደረሰው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ሳንቼዝ ከገንዘብ ታማኝነት ይበልጥብኛል ባይ ነው። ቦንድም በዚያው ይገባበታል፤ ነገር ይሠራል። የሳንቼዝን ገንዘብ የራሱ የሳንቼዝ ሰው በሆነው በክረስት መርከብ ላይ ደብቆ ሳንቼዝ እንዲያገኘው ያደርጋል። ሳንቼዝ ክረስትን በገዛ እጁ ይገድላል። ኋላም የሒሳብ ሰውየውን ይተኩሳል። ሮበርት ዳቪ ሳንቼዝን ሲጫወት ጥርጣሬ እንዴት ቀስ እያለ እንደሚበላው ዓይኑ ላይ ይታያል። ቦንድ በጠመንጃ ሳይሆን በወሬ ጠላቱን ሲያፈርስ በየትኛው ሌላ ፊልም አያችሁ?

ፊልሙ ውስጥ ያለው የነዳጅ ቦቴዎች ማሳደድ ትዕይንት የተቀረጸው ሜክሲኮ ውስጥ ላ ሩሞሮሳ በሚባል የተራራ መንገድ ላይ ነው። ኮምፒውተር የሠራው አይደለም። ቦቴው በአንድ ወገን ጎማዎቹ ብቻ ቆሞ ሲሄድ የምናየው የፈረንሳዊው የአደገኛ መኪና ትርኢት ባለሙያ የረሚ ዡሊየን ቡድን ሥራ ነው። ፈሳሽ ጭኖ ቁልቁለት የወረደ ሾፌር መኪናው ትንሽ ሲያጋድል ሆዱ ምን እንደሚሆን ያውቃል። እኔ ያን ቦታ ባየሁት ቁጥር እጄ መሪ ይፈልጋል።

ገበያው ያልቀናው በዚያው በጋ ከ«ባትማን» እና ከሦስተኛው «ኢንዲያና ጆንስ» ጋር ስለተጋጨ ይመስለኛል። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቦንድ ፊልም አልወጣም፤ ዳልተንም አልተመለሰም። በ2006 ዳንኤል ክሬግ ቦንድ ሆኖ፣ ደም ለብሶ፣ ተቆጥቶ ሲመጣ ግን ሁሉም አጨበጨበ። ዳልተን ይህን ከ17 ዓመት በፊት ሠርቶት ነበር።

ጸሐፊያችሁን አንድ ነገር እለምናለሁ። ፊልሙን ከሠርጉ ጀምሮ እንደገና ይየው፤ ሙሽሮቹ ለሚዜያቸው የሰጡትን የሲጋራ መለኮሻም አይርሳ። ሳንቼዝ በነዳጅ ርሶ ቆንጨራውን ሲያነሣ ያ መለኮሻ ከቦንድ ኪስ ይወጣል። ደረጃውን ያን ካየ በኋላ ያውጣ።

አክባሪያችሁ፣
የቦቴ ሾፌር