በፀሐዩ ፀ

ፀሐይዬ፣

«አሁን ገና ታወስኩሽ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በቃ። ቁጥርሽን አውጥቼ ስንቴ ሳልደውል እንደተውኩት ብነግርሽ አታምኚኝም። ስለዚህ ይቅርታዬን በአንድ ትንፋሽ ተቀበይኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ትናንት ማታ ፈልጌ አጣሁሽ። ያውም በገዛ ፕሮግራሜ! የመመረቂያ ሥራዬን የማቀርብበት ዲፌንስ ሐሙስ ነው። የላይብረሪውን ካታሎግ መፈለጊያ ልሞክር ብዬ «ጸሀይ» ብዬ ብጽፍ «0 ውጤት» አለኝ። ርዕሳቸው ላይ ፀሐይ ያለባቸውን መጻሕፍት እኮ ራሴ ነኝ ያስገባኋቸው። ወዲያው ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ፋይልሽ የለም» ሲሉሽ፣ «በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ነው!» እያልሽ የጮኽሽው ትዝ አለኝ።

መቼም የነገሩን ሥር ታውቂዋለሽ። ለእኛ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን ለየፊደሉ መለያ ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ አንዱን 1338፣ ሌላውን 1340 ብሎ ነው የሚያውቃቸው፣ ዝምድናቸው አይታየውም። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሲጨመሩበት ስምሽ በ12 ዓይነት ይጻፋል (ቁጭ ብዬ ጽፌ ቆጥሬዋለሁ፣ ሳቂብኝ)። ተማሪው ደግሞ ስልኩ ላይ ጣቱ የደረሰበትን ፊደል ነው የሚነካው። እኔ የሠራሁት ከፍለጋው በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚሰበስብ ነገር ነው። ታዲያ የሚጠየቀውን ቃል ሰብስቤ፣ ቀድሞ የገባውን መዝገብ ሳልሰበስብ ረስቼው ኖሯል! ይህን እስካገኝ ሌሊት 9 ሰዓት ሆነ፤ ሳገኘው መብራት ጠፋ።

አድቫይዘሬ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለሽ? «ሠ እና ሰን አንድ ካደረግሻቸው፣ ‹ፀሐይ ሠረቀች› እና ‹ፀሐይ ሰረቀች› በምን ይለያሉ?» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የሚሰበሰበው ለፍለጋው ብቻ ነው፣ የሚታየው ርዕስ መጽሐፉ ላይ እንዳለ ይቀራል ብዬ መለስኩ። መልሱ ትክክል ነው። ግን ላብ አጠመቀኝ።

ምክንያቱም የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ በእሳቱ ሰ። ትምህርቱን አቋርጠሽ፣ ዊዝድሮዋል ሞልተሽ ስትሄጂ ትራስሽ ሥር የተውሽው ሰማያዊ ደብተር... ፕሮፖዛሉ ላይ «የችግሩ መነሻ» የሚለው ገጽ ከሱ ነው የተወሰደው። «አጥኚዋ ባጋጠማት ችግር» ብዬ ጻፍኩ። የትኛዋ አጥኚ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ፖርትፎሊዮዬ ላይ አንደኛው ሥራ ያው እሱ ነው። እሱ ቢወጣ የሚቀረው ኢንተርንሺፕ ላይ የሠራሁት የኤክሴል ሠንጠረዥና ፎቶዬ ነው። ፎቶው ግን አምሮብኛል፣ ልዋሽሽ አልችልም።

አሁን «ሐሳቡን ያመነጨችው» የሚል መስመር አስገብቼ ፊቱን ባዶ ትቼዋለሁ። ስምሽን ልጻፍበት? ወይስ ከኔ ስም ጋር አንድ ገጽ ላይ መታየቱ ራሱ ያስጠላሻል? የፈለግሽውን በይኝ፣ ብቻ ረቡዕ ከሰዓት ለማተሚያ ስለምሰጠው ከዚያ በፊት ይሁን።

አባባ... እንዴት ሆኑ? መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይሄንን ነበር። ፈርቼ ነው ወደ ታች የገፋሁት።

ሌላም አለ። ሙሉ ስምሽን ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዶርም ተኝተን፣ የአባባ ስም በአልፋው አ ይሁን በዐይኑ ዐ አላውቅም። እሱንም ጻፊልኝ።

ያንቺው ሰብለ