ከጢማሙ ሰውዬ በስተግራ

ውዷ ልጄ፣

ፎቶው ደርሶኛል። ሎንዶን ሃይጌት መቃብር ድረስ ሄደሽ ካርል ማርክስን ብቻ አንስተሽ መጣሽ! እኔ እንኳ ጠግቤዋለሁ። በደርግ ጊዜ ከአብዮት አደባባይ ቁልቁል ሲያየን ነው ያደግሁት። ኮሚኒስት የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ደስ አይለኝም፤ የአጎትሽን ነገር ታውቂያለሽ።

ግን ከጢማሙ በስተግራ የተቀበረችውን ሳታዪያት መመለስሽ ቆጨኝ። ክላውዲያ ጆንስ ትባላለች።

በፈረንጅ 1915 ትሪኒዳድ ተወልዳ ኒውዮርክ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው ያደገችው። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ሞተች። ገና 37 ዓመቷ ነበር። ልጅቷም ሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሆስፒታል ከረመች።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ያኔ ሃርለም ውስጥ ኮሚኒስቶች ሲናገሩ ትሰማለች። አሜሪካ ውስጥ ነጭ ሴቶችን ደፈሩ ተብለው በሐሰት የተከሰሱትን የስኮትስቦሮ ጥቁር ልጆች ጉዳይ ሙሶሊኒ ከወረራት ከኢትዮጵያ ጋር አያይዘው ያስረዳሉ። ልቧ እዚያ ሄደ። በ1936 የወጣቶች ማኅበራቸው ውስጥ ገባች፤ ቅድመ አያትሽ ዱር ቤቴ ባሉበት ዓመት ማለት ነው!

ከዚያ ዴይሊ ወርከር በሚባለው የኮሚኒስቶቹ ጋዜጣ ላይ አዘጋጅ ሆነች። በ1949 ስለ ጥቁር ሴቶች የጻፈችው ጽሑፍ ዋናው ነው። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚያጥቡ፣ የሚያበስሉ ሴቶች ምንም ከለላ እንደሌላቸው አፍረጥርጣ ጻፈች። ተራማጅ ነን የሚሉትን ነጮችም አልማረችም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳነበው ጓዳ ያለችው ሠራተኛችን ትዝ አለችኝና አፈርኩ።

ስለ ሶቪየት የነበራት እምነት አይዋጥልኝም። እሱን ለእሷው ልተወው።

አሜሪካ ዜግነት ነፈገቻት፣ አሰረቻት፣ በ1955 መጨረሻ ወደ እንግሊዝ አባረረቻት። እሷ ግን ቁጭ አላለችም። በ1958 እዚያው ሎንዶን፣ ብሪክስተን ውስጥ የካሪቢያን ሰዎች ጋዜጣ ጀመረች። በዚያው ዓመት ኖቲንግ ሂል የሚባለው የሎንዶን ሰፈር ላይ ነጮች ጥቁሮችን ሲያሳድዱ ከረሙ። የእሷ መልስ ካርኒቫል፣ የካሪቢያኖች የጭፈራ በዓል ነበር፤ በጥር ብርድ፣ አዳራሽ ውስጥ! አንቺ ነሐሴ ላይ የምትጨፍሪበትን ካርኒቫል መነሻ ከዚያ የሚመዝዙት ብዙ ናቸው።

በ1964፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ በ49 ዓመቷ አረፈች።

እሁድ ሥራ ከሌለሽ ተመለሺ። አበባ ውድ ከሆነ አንድ ዘለላ ይበቃል። ፎቶ ስታነሺ ግን ጢማሙ እንዳይገባበት አደራ።

እናትሽ